ፍታትና እንደገና እሰራት

ጥርስ ሐኪሙ ልጃቸው ወደ ባሏ እንድትመለስ ይፈልጉ ነበር። ችግሩ ክራቸውን የምታስርላቸው እሷው መሆኗ ነው።

ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ አይደለም። ሐኪሙ ሚስታቸው ካረፉ፣ ክሊኒካቸውንም ከዘጉ ወዲህ የቀራቸው ደስታ አንድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ወርዶ ዓሣ ማጥመድ። እሱንም ቢሆን እንደ ሌላው ሰው ትል መንጠቆ ላይ ሰክተው አይደለም። የእሳቸው መንጠቆ ላባ ተጠቅልሎበት ዝንብ እንዲመስል የተደረገ ነው፤ ዓሣው የእውነት ዝንብ መስሎት ሲጎርስ አለቀለት። ይህ ዝንብ ተብዬ ታዲያ ክብደት ስለሌለው እንዲሁ ቢወረውሩት እግር ሥር ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ክር ያስፈልጋል፤ ውርወራውን የሚሸከም ወፍራም ቢጫ ክር፣ ከእሱ ጫፍ ደግሞ ዓሣው እንዳያየው ብርጭቆ የመሰለ ቀጭን ክር። እንግዲህ ሰውን የሚያስመርረው ሁለቱ የሚገናኙበት ቋጠሮ ነው። ከወፈረ በማጥመጃው ዘንግ ቀለበቶች ውስጥ አያልፍም። ከላላ ዓሣው ቀጭኑን ክር ከነዝንቡ ይዞ መንገዱን ይቀጥላል።

ሐኪሙ ይህን ቋጠሮ ዓይናቸውን ጨፍነው ያስሩት ነበር። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ጥርስ ሐኪም አፉን ከፍቶ የሚጠብቀው ሰው ስለማያገኝ ሥራውን ተዉት፤ ያን ጊዜም ብዙ አልከፋቸውም። ክሩ እምቢ ሲላቸው ግን ከፋቸው። ዘንጉን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አቁመው፣ ለጠየቃቸው ሁሉ "ወንዙ ዘንድሮ ጥሩ አይደለም" እያሉ ከረሙ። ወንዙ ምንም አልሆነም ነበር።

ከዚያ ልጃቸው ሻንጣዋን ይዛ መጣች። በመጣች በሳምንቷ አባቷ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ከክር ጋር ሲታገሉ አየችና "አምጣው እስቲ" አለች። ልጅ ሳለች ጎናቸው ተቀምጣ እያየች የለመደችው ነገር ነው፤ ጫማ እንደምታስር ሰው ቋጥራ ሰጠቻቸው። በማግስቱ ሐኪሙ ወንዝ ወረዱ። ዓሣ ይዘው ሲመለሱ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም አሉ፤ የማይወዱትን ጎረቤት ጭምር።

ነገሩ እንዲህ ቢቀጥል ሐኪሙ ምን ገዷቸው! ልጅቱ ግን ደህና አልነበረችም። ማታ ማታ ሳህኗ ላይ ያለውን ወዲያ ወዲህ ታደርግና ሳትበላው ታነሳለች። መታጠቢያ ቤት ትገባና ቧንቧ ትከፍታለች፤ ውሃው እየወረደ ስታለቅስ የማይሰማ መስሏት ነው። ይሰማል። ቤቱ ትንሽ ነው። ሐኪሙ ሳሎን ተቀምጠው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራሉ፤ እሷ ደግሞ ውሃውን ትጨምራለች።

ባሏ ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሰድበውት ያርፉ ነበር። ክፉ አይደለም። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ አይጠጣም፣ አይማታም፣ አይዋሽም። ጉዱ "እሺ" ማለቱ ነው። ምሳ ሥራ ቢሉት እሺ፣ አትሥራ ቢሉት እሺ፤ አለቃው እሁድም ግባ ቢለው እሺ። ልጅቱ አንድ ቀን መረራትና "አባቴ ቤት ልሄድ ነው" አለችው።

"እሺ" አለ።

ብሎም አልቀረ፤ ሻንጣዋን ተሸክሞ አራት ፎቅ በደረጃ አወረደላት። የሚኖሩበት ሕንፃ ሊፍት አይሠራም። የሊፍት ጠጋኝ ቤት ሊፍት አለመሥራቱ ለብቻው ሌላ ጉድ ነው፤ እሱን እንተወው።

ሐኪሙ አሰቡ፣ አሰቡና ዘዴ መጣላቸው። አማቻቸው ቋጠሮውን ቢማርስ? ልጅቱ ቤቷ ትገባለች፤ እሱ አርብ አርብ ብቅ ብሎ ክሩን ያስርላቸዋል። ማንም አይጎዳም። ደግሞም ሊማር ሲመጣ ሚስቱን ያያል፤ ሲያያት አንድ ነገር ይላል። ስልክ አንስተው "ክሬ አስቸግሮኛል፣ እሁድ ናና እሰርልኝ" አሉት። እሺ አለ። ሌላ ምን ይላል!

እሁድ ከሰዓት በሩ ሲንኳኳ ልጅቱ በመስኮት አየችና ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ወዲያው የታጠበ ዕቃ ታጥብ ጀመር።

ሊፍት ጠጋኙ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ ገባ። እጁ አካፋ ያክላል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ ሳሙና የሚበግረው አይደለም። የወጥ ቤቱን በር አየ፤ የሚንኳኳውን ሳህን አዳመጠ፤ ብርቱካኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

"እዚያ ላይ ተቀመጥ" አሉት ሐኪሙ።

እዚያ ያሉት ወንበር የጥርስ ሕክምና ወንበር ነው። ክሊኒኩ ሲዘጋ የሚገዛ ጠፍቶ ሳሎን ገባ፤ ሐኪሙ ቴሌቪዥን የሚያዩት ተጋድመውበት ነው። ቤት ውስጥ ያለው ደህና መብራት ደግሞ የወንበሩ መብራት ስለሆነ፣ ረቂቅ ሥራ የሚሠራ ሰው ከመጋደም ውጪ ምርጫ የለውም። አማቻቸው ተጋደመ። ሐኪሙ በልማድ መብራቱን አፉ ላይ አበሩት፤ ከዚያ ትዝ ሲላቸው ወደ እጁ አዞሩት።

ሐኪሙ አንድ ልማድ አላቸው። ትንሽ ነገር ሁሉ ለእሳቸው ሴት ናት። ዕድሜ ልካቸውን "ይህቺን እንንቀላት፣ ያቺን እንሙላት" ሲሉ ስለኖሩ፣ ክሯም፣ መርፌዋም፣ ቋጠሮዋም ሴት ናቸው። ሌላው ልማዳቸው ደግሞ መልስ አለመጠበቅ ነው። አፉን በልቅጦ ከተጋደመ ሰው ጋር ሲያወራ የኖረ ሰው ምን መልስ ይጠብቃል?

"ስማኝ" አሉት። "ይህቺ ድድ ማጠቢያ መርፌ ናት። ጫፏ ዶልዳማ ነው፣ አትወጋህም። ውስጧ ቀዳዳ ነው። ሌላው ሰው በምስማር ያስራል፤ እኔ በእሷ ነው። መርፌዋን ከወፍራሟ ክር ጫፍ ጎን አስተኛት። ቀጭኗን ደርብባት። አሁን በቀጭኗ ሦስቱንም አንድ ላይ ጠምጥም፤ ዙሩ ጎን ለጎን ይደርደር፣ አንዱ በአንዱ ላይ እንዳይወጣ። ከዚያ ጫፏን በመርፌዋ ቀዳዳ አሳልፋትና መርፌዋን ሳብ። መጨረሻ ላይ በምራቅ አርሰህ ታጠብቃለህ። ገባህ?"

"እሺ።"

ጠመጠመ። ሊፍት ለሚያህል ነገር ጥሩ ኃይል ነበር። መርፌዋን ሲስባት ዙሩ ሁሉ ተያይዞ መጣ።

"ይህ ምንድነው?"

"እንጃ አባባ።"

"የታኘከ ማስቲካ ነው። ፍታት።"

"እሺ።"

ሁለተኛውን ቀስ ብሎ ሠራ። ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ እስትንፋሱን ይዞ፣ አጥብቆ ሲጨርስ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አሳየ። ሐኪሙ መነጽራቸውን አስተካከሉ። አገላብጠው አዩዋት። በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጓት።

"ወፍራለች። ፍታት።"

"እሺ።"

በዚህ መሐል የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተዘግቷል። ሐኪሙ አላስተዋሉም፤ እየተናደዱ ስለነበር ሌላ ነገር አይሰሙም። ሦስተኛዋ ቋጠሮ ከመጀመሪያዋ የባሰች ሆነች፤ ሲጎትቷት ወፍራሙ ክር ሹልክ ሊል ደረሰ። የሐኪሙ ድምፅ ጣራ ነካ።

"ኧረ ባክህ! ይህቺ ለአንተ አትሆንህም! አይታይህም እንዴ? ላልታለች እኮ! ነገ አንድ ነገር ሲነካት ጥላህ ነው የምትሄደው!"

"ልክ ነዎት አባባ።"

"ታዲያ ምን ታቅፋታለህ? ፍታት! አሁኑኑ ፍታትና ሌላ ጀምር!"

"እሺ አባባ። እፈታታለሁ።"

ልጅቱ የችሎት ጸሐፊ ናት። ከሰኞ እስከ አርብ የሰው ትዳር ሲፈርስ ስትተይብ የምትውል ሴት፣ በተዘጋ በር በኩል ይህን ስትሰማ ስለ ምን ክር ታስባለች? በሩ ተበርግዶ ግድግዳውን መታ። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

"ማንን ነው የምትፈታው?"

ሊፍት ጠጋኙ ደንግጦ ሊነሳ ሞከረ። ያ ወንበር ግን በቀላሉ የሚያስነሳ ወንበር አይደለም። ክርኑ የሆነ ነገር ተጫነና ወንበሩ እያጉረመረመ ወደ ኋላ ተኛ፤ እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች።

"አንቺን አይደለም" አለ ከዚያው እንደተዘቀዘቀ።

"ሰማሁ እኮ! በጆሮዬ ሰማሁ! አባባ፣ አንተ ነህ ደግሞ 'ፍታት' የምትለው? የገዛ አባቴ?"

"ክሯን ነው ልጄ" አሉ ሐኪሙ። "ቋጠሮዋን። ይኸው እያት።"

ሊፍት ጠጋኙ እንደተጋደመ ክሩን ከፍ አድርጎ አሳያት። ልጅቱ ክሩን አየች፣ ባሏን አየች፣ አባቷን አየች። ሐኪሙ የምትስቅ መስሏቸው ፈገግ ብለው ጠበቁ። አልሳቀችም።

"እሺ፣ ክር ነው" አለች። "እኔ ብሆንስ ኖሮ? ይኸው ነው መልሱ! 'እሺ አባባ።' በዚሁ ድምፅ! ልሄድ ነው ስለው በዚሁ ድምፅ ነው እሺ ያለኝ። በገዛ እጁ ሻንጣዬን አውጥቶ ሰደደኝ እኮ!" ወደ ባሏ ዞረች። "በል፣ ታዘሃል አይደል? ምን ትጠብቃለህ? ፍታት!"

መብራቱ ብቻ ዝዝዝ ይላል። ሊፍት ጠጋኙ ቋጠሮዋን አያት። ያቺ ቋጠሮ ዓይን የምትሞላ አልነበረችም።

"እምቢ" አለ።

ቃሏ ከዚያ በፊት በአፉ አልፋ የምታውቅ አትመስልም፤ ራሱም ደነገጠ።

"ምን አልክ?" አሉ ሐኪሙ።

"እምቢ። አልፈታትም።"

"ልክ አይደለችም እኮ።"

"ትሁን!"

"በቀለበቱ አታልፍም።"

"አትለፍ ታዲያ! አልፈታትም አልኩ እኮ አባባ!" ብሎ ጮኸ። ተዘቅዝቆ የጮኸ ሰው ፊቱ ቶሎ ይቀላል፤ ቲማቲም መሰለ። ከዚያ ሚስቱን በተገለበጠ ዓይኑ ፈልጎ አገኛት። "ሻንጣሽን ይዤ ስወርድ በየፎቁ እየቆምኩ ነበር። ከበደኝ ብዬ። አልከበደኝም። 'መልሰው' ትይኛለሽ ብዬ ነው። መሄድ ከፈለግሽ ብዬ ነው እሺ ያልኩት እንጂ እኔማ ሞቼ ነው የሰነበትኩት።"

"እኔስ?" አለች ልጅቱ። "በየፎቁ ጫማዬን የማስረው ለምን ይመስልሃል? 'አትሂጂ' እስክትለኝ ነው! ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው ያደረግኩት እኮ!"

ሁለት ሰው አራት ፎቅ ሙሉ ሲጠባበቅ ወረደ ማለት ነው። ሐኪሙ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ሞኝነት ሰምተው አያውቁም። ልጅቱ እሳቸው ሥራ ላይ ይቀመጡባት የነበረችው ባለ ጎማ ዱካ ላይ ዘፍ አለችና ቧንቧ ሳትከፍት አለቀሰች። ባሏም ከወንበሩ ለመውጣት እየታገለ አለቀሰ። ሐኪሙ ፔዳሏን ረግጠው ወንበሩን ቀና አደረጉለትና እንዲደርስባት መንገድ ለቀቁ። ደስ አላቸው። የእውነት ደስ አላቸው።

ዕቃ ማሸግ ብዙ አልፈጀም። ሊፍት ጠጋኙ ሻንጣውን አንስቶ በሩ ላይ ቆመ። ልጅቱ ካፖርቷን ደርባ ስትወጣ የወንበሩ ትሪ ላይ ያለችው ቋጠሮ ዓይኗ ውስጥ ገባች። አነሳቻትና ተነፈሰች።

"አባባ፣ ይኼ ሰው እኮ ይህን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ቅዳሜህስ? ማን ያስርልሃል?" ባሏን አየችው፤ ከዚያ አባቷን። "ትንሽ ልቆይ? እሱ እስኪለምድ ብቻ። ሲለምድ እሄዳለሁ።"

ሊፍት ጠጋኙ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። መልሶ ገጠመው።

ሐኪሙ "ቆዪ" ለማለት ምንም አልቀራቸውም። ቃሏ ምላሳቸው ላይ ነበረች። ብትቆይ ማታ ቁልፉ በር ውስጥ ሲዞር ይሰማሉ። "አባባ፣ መጣሁ" የሚል ድምፅ ይሰማሉ። አርብ ክሩን ታስርላቸዋለች፣ ቅዳሜ ወንዝ ይወርዳሉ። ለምን አትቆይም? እሱ እስኪለምድ ነው፤ ራሷ ናት ያለችው።

ከዚያ ሁለተኛዋ ቋጠሮ ትዝ አለቻቸው። ምላሱን ነክሶ የሠራት። ወፍራለች ብለው ያስፈቷት። አልወፈረችም ነበር። በቀለበቱ ውስጥ ሰተት ብላ ነበር የምታልፈው፤ ዙሯ ጎን ለጎን የተደረደረ፣ ጥብቅ ያለች፣ እሳቸው ራሳቸው በደህናው ጊዜ ቢያስሩ የማያፍሩባት ቋጠሮ ነበረች። ያን ጊዜ ለምን ፍታት እንዳሉት አላወቁም። አሁን አወቁ። አማቻቸው ምንም ያህል አሳምሮ ቢያስር፣ ልጅቱ እዚህ ቤት እስካለች ድረስ ፍታት ማለታቸውን አይተዉም። ልጅቱ በር በርግዳ የወጣችው ለካ ዝም ብላ አይደለም። አፈሩ። ሰው በስተርጅና በገዛ ቤቱ እንዲህ ያፍራል እንዴ!

"አባባ?"

"ብትቆዪ ደስ ይለኛል" አሉ። "በጣም ደስ ይለኛል። ስለዚህ አሁኑኑ ሂጂ።"

ልጅቱ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሐኪሙ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸውና ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ። ሊፍት ጠጋኙ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አባባ፣ ዘንጉንና ክሩን ይዤ ልሂድ? ቤት እለማመዳለሁ።"

"ውሰድ" አሉ። "ሁለተኛዋን ቋጠሮ አስታውስ። እንደሷ አድርገህ እሰር።"

"ወፍራለች ብለውኝ አልነበር?"

"ተሳስቼ ነው። ሂዱ በቃ፣ ይመሻል።"

ቅዳሜ ሲደርስ ሐኪሙ ዘንግ የላቸውም፤ ክርም የላቸውም። ቤት መቀመጡ ግን አልሆነላቸውም። ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ወንዝ ወረዱና ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ቦታ ተቀመጡ። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ወፍራም ሰው ትል ሰክቶ ያጠምዳል። ለረጅም ጊዜ ባዶ እጃቸውን ውሃ ውሃውን ሲያዩ አያቸውና አላስችል አለው።

"ዘንግዎስ የት አለ አባቴ?"

"ልምምድ ላይ ነው።"

ሰውየው ይህን ለመረዳት ትንሽ ሞከረ፤ ተወው።

"ታዲያ ምን ይዘው ሊመለሱ ነው?"

"ልጄ ወደ ባሏ ተመለሰች" አሉ ሐኪሙ።

"እሰይ! ደስ ይላል።"

"አዎ" አሉ። "ደስ ይላል። ቤቱ ግን ጭር ብሏል።" ይህን ማለት አላሰቡም ነበር፤ ወጣባቸው። ከወጣ በኋላ ደግሞ ለቅሶው ተከተለ፤ ድምፃቸውም ወንዙን ተሻግሮ ሄደ።

ሰውየው ግራ ገብቶት ወደ ክሩ አየ፤ ወደ እሳቸው አየ። ክፉ ሰው አልነበረም።

"ቀስ ብለው አባቴ" አላቸው። "ዓሣው ይሸሻል።"

ሐኪሙም እሺ አሉና ቀስ ብለው አለቀሱ።